የስድሳ መስመር ዳንቴል

ሐሙስ፣ ኅዳር 3፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሠላሳ አራተኛው መስመር። ሦስት ሰንሰለት፣ ሁለት ዝለይ፣ አንድ ቋሚ። እንደገና ሦስት ሰንሰለት፣ ሁለት ዝለይ፣ አንድ ቋሚ። የዚህ የአልጋ ልብስ ጥበብ ይኸው ነው። ኪሮሽ ያስተማረችኝ አክስቴ ደ/ታቦር እያለን የሰነፍ ዳንቴል ትለው ነበር። ለዚሁ መረጥኩት። ሐሳብ የማይጠይቅ ሥራ ነው የምፈልገው፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው።

ባሌ ደምሴ ከሄደ ስድስት ሳምንት አለፈ። መስቀል እንደዋለ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎችን እንዲቆጣጠር ከአውራጃው ወደ ፃግብጂ ገጠር ላኩት። መ/ር አይደል፣ እምቢ አይልም። ሦስት ሳምንት ነው ያሉት። አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም።

ደብተር፣ ነውሬን ልንገርህ። ስድሳ መስመር ሲሞላ ባሌ ይመጣል ብያለሁ። በውይይት ክበብ ስለ ቁስ አካል ስንት ሰዓት የተማርኩ ሴት በምልክት ላምን! ማንም እንዳይሰማ።

የቤት አከራዬ እማማ ወለቴ እንዝርታቸውን ይዘው መጥተው ሥራዬን በጣታቸው እየወጉ አዩት። ይህ ሁሉ ቀዳዳ የትኛውን ብርድ ሊመልስ ነው አሉ። ለእሳቸው ብርድ ልብስ ማለት የበግ ጠጉር ባና ነው። ለውበት ነው አልኳቸው። ውበት አያሞቅም አሉ። ሳቅሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 6

37። በሰንበት ክር መንካቴን እማማ ወለቴ አይወዱም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቆጡኝ ነበር። ዛሬ አይተው አለፉኝ።

ከሴቶች ማኅበር ስብሰባ ስመለስ ጎረቤቶቹ ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። በአማርኛ ሲያወሩ ከበር ሰማሁ። ስገባ ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ ዞሩ። ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬ ከሰላምታ በላይ አልገባኝም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን እስከ ዛሬ ሲያወሩ አንዷ ትተረጉምልኝ ነበር። ዛሬ ማንም አልተረጎመ። አንዷ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። እንደ ሕመምተኛ።

ምን አደረግኋቸው? ምናልባት ስብሰባ ላይ ስለ እነሱ የተናገርኩ መስሏቸው ይሆናል። የመ/ቤት ሰው ሁልጊዜ ይጠረጠራል። ከፋኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ነጭ ክር አለቀ። 41ኛው መስመር ግማሽ ላይ።

ወደ ወ/ሮ ዘሃራ ሱቅ ሄድኩ። ነጭ የለም፤ በጦርነቱ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ጭነት አልገባም። ጥቁር ግን መደርደሪያው ላይ አለ፣ አራት ጥቅል፣ በዓይኔ አየሁት። ዳር ዳሩን በጥቁር ብከፍፈው ያምራል ብዬ ስጪኝ አልኳት።

«ጥቁሩ አይሸጥም» አለች።

ለምን አይሸጥም? ለሌላ ሰው አስቀምጠሽ ነው? ዓይኔን እንኳ አላየችም። ቀድሞ ስገባ ካልተቀመጥሽ የምትለኝ ሴት። ለእንግዳ ሰው አይሸጥም በይኛ አልኳት። አፌ ክፉ ነው። ስወጣ ከኋላዬ አብሽሪ ስትል ሰማሁ። ምን ሆኜ ነው የምታጽናናኝ? ሱቋን ሁለተኛ አልረግጥም።

ማታ እራት ላይ ለእማማ ወለቴ ነገርኳቸው። ለእኔ የሚያግዙ መስሎኝ ነበር። ደግ አደረገች አሉ። ከዚያ ገብተው የራሳቸውን ፈትል ሁለት ልቃቂት አመጡልኝ። ወፈር ያለ፣ መልኩም ወደ ቢጫ የሚሄድ። ለነጠላ ያዘጋጁት ነው። አልቀበልም ብል ጉልበቴ ላይ ጥለውት ወጡ።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

44። አዲሱ ክር ዳንቴሉን አከበደው። የት ላይ ክር እንዳለቀብኝ ማንም ያውቃል።

ዛሬ የሚያስቅ ነገር። አለቃዬ ጓድ ታፈሰ የጽሕፈት መኪናዬ ላይ ተቀምጠው በሁለት ጣታቸው ፊደል ሲለቅሙ ደረስኩ። ደብዳቤ ለመፈረም እንኳ ብዕር አቀብዪኝ የሚሉ ሰው! ስገባ ወረቀቱን ከመኪናው ነጥቀው አወጡት። እኔ ልምታልዎ አልኩ። አይሆንም፣ ምስጢር ነው አሉ። የአውራጃውን ምስጢር ሁሉ የምመታው እኔ አይደለሁም እንዴ?

ስስቅ ቆይቼ ሳቁ ጠፋብኝ። ስለ እኔ ነው። ሊያዛውሩኝ ነው ወይም ሊያባርሩኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር። ደምሴ ሲመጣ ቤታችን ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ነው። የት ብሎ ይፈልገኛል?

እንቅልፍ የለኝም። ምግብም አይወርድልኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ለቅሶ ሄድኩ። ከታች ሰፈር አንዲት አሮጊት ሞተው። እማማ ወለቴ ቅሪ፣ አሞሻል አሉ። አላመመኝም አልኩና ብቻዬን ሄድኩ። ካልሄድኩ ደግሞ ሰው አትጠይቅም እባላለሁ።

ድንኳኑ ውስጥ አልቃሿ ትገጥማለች፣ ሴቱ ይቀበላል። እኔ ስገባ አልቃሿ አፏን ያዘች። በእውነት፣ ግማሽ ላይ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አንዲት የማላውቃት ሴት እኔን እያየች ደረቷን መምታት ጀመረች። ሟቿ ወዲያ፣ እሷ የምታለቅሰው ወደ እኔ። ሌሎቹ ይዘው አወጧት።

እኔም ወጣሁ።

50 ደርሼ ነበር። ስድስቱን ፈታኋቸው። ስድሳ እንዲደርስ አልፈልግም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 16፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ቢሮ

አገኘሁት።

ጓድ ታፈሰ የጽሕፈት ሰው አይደሉም። አዲስ ካርቦን ተጠቅመው መልሰው መሳቢያዬ ውስጥ ከተቷት። አዲስ ካርቦን አንድ ጊዜ ከተመታባት የተጻፈውን ሁሉ ይዛ ትቀራለች፤ ይህን የማያውቅ ጸሐፊ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወደ መስኮቱ አንስቼ አነበብኩት።

«የሟች መ/ር ደምሴ ባለቤት በመ/ቤታችን የምትሠራ ስትሆን፣ እዚህ ዘመድ ስለሌላት እስከ ዛሬ አልተረዳችም። ደ/ታቦር የሚገኙ ወንድሞቿ በአስቸኳይ መጥተው እንዲያረዷት...»

ሁለት ቦታ ፊደል ደርበዋል። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። አምላኬ፣ መጀመሪያ ያየሁት ስህተቱን ነው።

እንዴት እንደሞተ አይልም። መቼ እንደሞተም አይልም።

ካርቦኑን መለስኩት። አራት ደብዳቤ መታሁ።

ያው ቀን፣ ማታ 4 ሰዓት

አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው። ሁሉም ያውቃሉ። ዘሃራ ታውቃለች፤ ላልተረዳች ሴት ጥቁር ክር በእጇ ልትሰጥ አልፈለገችም። እኔ ደግሞ እንግዳ ጠላሽ አልኳት። አልቃሿ ታውቃለች። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። እዚህ ግን ያላወቅሁት እኔ፣ ባለቤቱ፣ ብቻ ነበርኩ።

አልፈርድባቸውም። መርዶ ማለዳ ነው፣ ዘመድ ከቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ባለበት። በእኛም አገር እንደዚሁ ነው። ዘመድ የሌላት ሴት ብቻዋን አትረዳም። ስለዚህ ወንድሞቼን ይጠብቃሉ። ወንድሞቼ ደግሞ አይመጡም። በወልድያ በኩል ያለ ወታደር አጀብ የሚያልፍ መኪና የለም፤ ደብዳቤው ራሱ መድረሱን እንጃ። ገና እስከ መቼ ሊሸሽጉብኝ ነው?

ያልተረዳ ሰው ደግሞ አያለቅስም። ማልቀሻ የለኝም። ብጮህ፣ ማን ነገራት ተብሎ ጓድ ታፈሰ ይጠየቃሉ። ባልጮህ ልፈነዳ ነው። ባሌ ሞቶ ቁጭ ብዬ ሰንሰለት እቆጥራለሁ። ሦስት፣ ዝለይ፣ ቋሚ። ዛሬ ሰባት መስመር ሠራሁ። አንድም ስህተት የለውም። እጄን ጠላሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

ምንም።

እማማ ወለቴ አፈር ስሆን ብዪልኝ ብለው የጾም ሽሮ አመጡ። በላሁላቸው። እኔ የማላውቅ መስዬ፣ እሳቸው የማያውቁ መስለው፣ ትይዩ ተቀምጠን ስለ ገብስ አወራን። ዘንድሮ በደሃና በኩል ጥሩ ነው አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ያየሁ መሆኔን አላወቁም።

እኔን ሲጠብቁ እሳቸውም አላለቀሱም። ደምሴን ልጄ ነበር የሚሉት።

ዓርብ፣ ኅዳር 18፣ ማታ 4 ሰዓት

ከቢሮ በጊዜ ወጣሁ። እማማ ወለቴ ጓሮ ይፈትላሉ። መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ በልቤ ያሰናዳሁት ንግግር ጠፋኝ። ይህን ብቻ አልኩ፦

«እማማ፣ ወንድሞቼ አይመጡም። መንገድ የለም። እርስዎ እናት ይሁኑኝና ያርዱኝ።»

እንዝርቱ መሬት ወደቀ። ማን ነገረሽ አላሉም። ከዚያ በኽምጣኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጸሎት ይመስለኛል። እጄን ያዙ።

«እናትሽማ ነኝ» አሉ። «ነገ ሲነጋ፣ ልጄ። ለሰው ልንገር። ዛሬ ግን እራትሽን ብዪ፤ ነገ አትበዪም።»

ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ለቅሶ የተቀመጠች ሴት እጅ ሥራ አትሠራም፤ ስለዚህ ኪሮሹን ለመጨረሻ ጊዜ አነሳሁት። ሃምሳ ስምንት ላይ አቆምኩ። ይበቃል።

እራቴን በላሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19፣ ሊነጋ ሲል

ለብሻለሁ። ፀጉሬን ፈትቻለሁ። በሩን አልቀረቀርኩትም።

ግቢው ውስጥ እግር ይሰማኛል። ብዙ ሰው ነው። የጓድ ታፈሰ ሳል አለ። የዘሃራም ድምፅ አለ፣ ቀስ በሉ እያለች። እንዲህ ብዙ ዘመድ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ወስኛለሁ፣ ደብተር። አውቃለሁ አልልም። አስተካክለው፣ እንደ ወጉ፣ እስከ መጨረሻው ይንገሩኝ። እንዴት እንደሞተም እጠይቃለሁ። የት እንደቀበሩት እጠይቃለሁ። ከዚያ እጮሃለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ የያዝኩትን

እያንኳኩ ነው። እማማ ስሜን