የኑሪ አልበም በእኔ ሞንታርቦ

ነሐሴ 26፣ ሰኞ። ጠዋት 3፡20

ሱቅ ከፍቻለሁ። ዝናቡ ከኔ በፊት ከፍቷል። ቆርቆሮው ስለሚጮህ ትናንት የወጣውን አልበም ግማሹን አልሰማሁትም፣ ብዙ የቀረብኝም አይመስለኝም። ደብተሬ፣ አስተያየቴን ልስጥሽ። ዐሥራ አራት ዘፈን። ዐሥራ አንዱ ስለ አንዲት ልጅ ዐይን። የልጅቷ አፍንጫ ምን በደለው? ቤዙ ግን ግሩም ነው። በትልቁ ሞንታርቦ ስለቀው መደርደሪያ ላይ ያሉት ትንንሽ ስፒከሮች መራመድ ጀመሩ። ሦስት ሸጥኩ።

ዐውዳመት ሲደርስ ዶሮና አልበም አንድ ላይ ነው ገበያ የሚወጡት። ደንበኛ እንዴት ነው ሲለኝ ሁሉንም ምርጥ ነው እላለሁ። ስፒከር ሻጭ አስተያየት የለውም። ያለኝን ላንቺ ብቻ ነው የምሰጠው።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ። 5 ሰዓት

የአንዲት ድምፀ ሻካራ ዘፋኝ አልበም ወጣ። ልቤን በላችው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዐይኔ አቧራ ገባበት፤ በዚህ ዝናብ አቧራ! ለገበያ ግን መርዝ ነው። ደንበኛ ይቆማል፣ ይሰማል፣ ይተክዛል፣ የድሮዋን ያስታውሳል፣ ሳይገዛ ይሄዳል። አራት ሰው እንዲህ ሸኘሁ። ወደ ዐይኗ አልበም ተመለስኩ።

11 ሰዓት። እትዬ ዘይነባ (ከዚህ ወዲያ እ.ዘ.፣ እጄ ሰነፍ ነው) ፍላሽ ይዘው መጡ። የጎን ጎረቤቴ ናቸው። ከወሎ መጥተው እዚህ ተራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት መጋረጃና የትራስ ጥጥ ሸጠዋል። ልጃቸው ኑረዲን የመጀመሪያ አልበሙን ጨርሷል። የመድረክ ስሙ ኑሪ ዜድ። ዜዷ የእናቱ ስም ናት። ዘጠኝ ዘፈን። ክፈትለት፣ ተራው ይስማው አሉኝ።

እንዴት እምቢ ይባላል? ለሶላት ሲሄዱ የሜትር እንጨታቸውን በሩ ላይ ያጋድማሉ። እንጨት ከተጋደመ ሱቁ የኔ ነው፤ መጋረጃ ለክቼ እቆርጣለሁ። እኔ ራጉኤል ልሳለም ስሄድ እሳቸው ስፒከር ይሸጣሉ። እንዲያውም ከኔ ይሻላሉ። ነገ በጠዋት እከፍታለሁ አልኳቸው።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ። 4 ሰዓት

ከፈትኩ። ደብተሬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። መጥፎ ነው። ልጁ ድምፅ አለው፣ ግጥሙም አይከፋም። ግን ከበሮው፣ ቤዙ፣ ማሽኑ ሁሉ አንድ ላይ ተጨፍልቀው ልጁን ከሥር አስቀርተውታል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የድስት ክዳን የወደቀ መስሎኝ ዞር አልኩ። አምስተኛው ላይ አልዞርኩም፣ ለምጄዋለሁ።

ዘጠነኛዋ ብቻ ለየት ትላለች። ማሽን የላትም፤ ክራርና እሱ። ቤት ውስጥ በስልክ የቀዳት ይመስላል፣ በመሃል በር ሲዘጋ ይሰማል። እዚያ ላይ ዕቃ መደርደር ትቼ ቆምኩ። አፍሮባት መሰለኝ መጨረሻ ላይ ወሽቋታል።

እ.ዘ. የመጀመሪያው ዘፈን እንደተጀመረ እንጨታቸውን አጋድመው ወጡ። የሶላት ሰዓት ገና ነበር። የደስታ እንባ ይዟቸው ይሆናል።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ። ከምሳ በኋላ

ጉድ ሆንኩ። ከወልቂጤ የመጣ ነጋዴ ዐሥር ስፒከር ሊወስድ ቆሟል። ሲሞክረው የኑሪ አልበም ነው የተከፈተው። ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና፣ ወንድሜ ይሄ ዕቃ ውስጡ ተቀዷል፣ ድምፁ ይሰነጣጠቃል አለኝ። ሌላ ሰጠሁት፤ ያው። ሌላ፤ ያው። እ.ዘ. በራፋቸው ላይ መጋረጃ እየለኩ ናቸው፣ ከኔ ሁለት እርምጃ። ስፒከሩ ጤነኛ ነው ብል፣ ታዲያ የታመመው ማነው ሊለኝ ነው። ዘፈን ብቀይር እሳቸው ያያሉ።

ጨነቀኝና፣ የዝናቡ ነገር ነው፣ ትንሽ እርጥበት ገብቶት ነው አልኩት።

ይሄን ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የገዛ ዕቃዬን! ሰውየው እርጥብ ዕቃ አልፈልግም ብሎ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የብሩክን ዕቃ ዝናብ መታው የሚለው ወሬ ተራውን ዞሮ እኔው ጋ ደረሰ። ሦስት ሰው መጥቶ አጽናናኝ። አንዱ ሸራ አመጣልኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ፣ ምን ላድርግ?

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ከረቡዕ ጀምሮ የኑሪ አልበም። ሽያጭ የለም። እ.ዘ. በየቀኑ ብቅ እያሉ፣ ከፈትክለት? ይላሉ። ከፍቻለሁ እላለሁ። አላህ ይስጥህ ብለው ይመለሳሉ። ድምፁን ልቀንስ ስል ያዩኛል ብዬ እጨምራለሁ።

ዛሬ ራሱ ኑሪ መጣ። ፀጉሩን ተሠርቶ፣ ደስ ብሎት። ልጁን እወደዋለሁ፣ ችግሩም ይሄው ነው። ጳጉሜን 5 ማታ ተ/ሃይማኖት አካባቢ አዳራሽ ይዟል፤ የአልበም ምርቃት። ተራው በሙሉ ተጠርቷል። ሁለቱን ትልልቅ ሞንታርቦዎቼን አውሰኝ አለኝ። አልበሙን እንዴት እንደሠራው ጠየቅኩት። ሁሉንም በኢርፎን፣ አልጋው ላይ ሆኖ። በትልቅ ስፒከር ሰምቶት አያውቅም! ይሄን እየኮራ ነው የነገረኝ።

ከዚያ ዐይኔን እያየ፣ ብሬ እውነቱን ንገረኝ አለ።

ቀውጢ ነው፣ ምርጥ ነው አልኩት።

ደብተሬ፣ አትቆጪኝ። ራሴን ቆጥቼዋለሁ። በሁለት ሞንታርቦ፣ እናቱ ፊት፣ ተራው ሁሉ ፊት! የመርካቶ ሰው አንዴ መሳቅ ከጀመረ እስከ ፋሲካ አያቆምም። ልጁ በዚህ ተራ እንዴት ይመላለሳል? ከአሁኑ አፈርኩለት።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ። 5፡30

እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ዝርዝር ብር ፈልጌ እ.ዘ.ን ጠራኋቸው። እትዬ! ዝም። እትዬ ዘይነባ! ዝም። አራተኛው ዘፈን እየጮኸ ነው። ሄጄ ትከሻቸውን ነካ ሳደርጋቸው ደንግጠው ዘለሉ፣ ሻሻቸው ተንሸራተተ። ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ። በሁለቱም። የትራስ ጥጥ!

ተያየን። በመጨረሻ እሳቸው፣ ምን ላድርግ ልጄ፣ አንተ ወደኸው ከጠዋት እስከ ማታ ስትከፍተው፣ ላንተ ብዬ ቻልኩት አሉ። እኔ ወደድኩት? እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው አልኳቸው። የመጋረጃው ክምር ላይ ተደግፈን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ከዚያ ምርቃቱ ትዝ አለን፣ ሳቁ ጠፋ። ማን ይንገረው? እሳቸው፣ እናት ነኝ፣ ወላሂ አፌ አይታዘዝልኝም አሉ። እኔ ደግሞ ምቀኛ ይለኛል አልኩ። ደግሞስ ቀውጢ ነው ብዬዋለሁ። አብሽር፣ አላህ መላ አያጣም ብለው እንጨታቸውን አጋድመው ወጡ። የአሁኑ እንኳ ለእውነተኛ ሶላት ነው።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ። 10 ሰዓት

ኑሪ ሞንታርቦዎቹን ሊሞክር መጣ። በራፍ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምን። ፍላሹን ራሱ ሰካ። ራሱ ከፈተ። እ.ዘ. ከመጋረጃቸው ጀርባ ተሸሽገዋል፣ እግራቸው ግን ይታያል።

አንደኛው ዘፈን። ፈገግ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ፈገግታው ቀረ። ወደ አንዱ ሞንታርቦ ሄዶ ጆሮውን አስጠጋ። ወደ ሌላው። ሽቦውን ነቅሎ መልሶ ሰካ። ሁለተኛው ዘፈን ሲመጣ ዞሮ አየኝና፣ ብሬ፣ ስፒከሩ ተበላሽቷል እንዴ? አለኝ።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ዝናብ መትቶታል ብል ተራው በሙሉ ይመሰክርልኛል፣ ሸራውም አለ። አንዲት ቃል ናት፤ ሁላችንም በሰላም ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ነገ ማታ እስኪመጣ ድረስ።

ስፒከሩ ደህና ነው አልኩት።

ሳልጠየቅ የዐይኗን አልበም ከፈትኩለት። ጥርት ብሎ ወጣ። ሲሰማ ቆይቶ የሸቀጥ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። የሚሰማኝን ሁሉ ነገርኩት፤ ማሽኑ እንደዋጠው፣ ኢርፎኑ እንዳታለለው፣ ምርቃቱን አስተላልፎ እንደገና ቢሠራው እንደሚድን። ቅዳሜ መንገር ነበረብኝ አልኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። አልተሳደበም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መሬት መሬት እያየ፣ ዘጠነኛዋስ? አለኝ።

ፍላሹን መልሼ ሰካሁ፣ ዘጠነኛዋን አገኘሁና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ክራሩ ገባ። ከወዲያ ማዶ ያለው ጫማ ሻጭ ቀና አለ። እ.ዘ. ከመጋረጃው ጀርባ ወጥተው በራፉ ላይ ቆሙና፣ ከሻሻቸው ሥር ጥጡን አወጡ፤ መጀመሪያ ከቀኝ ጆሯቸው፣ ከዚያ ከግራው።