ጽዋው እኔ ቤት እያለ የት እቀራለሁ?

ለሰሜኗ ባለ ደጋና ባለ ግንብ አገር የተከበሩ የቪዛ ሹም
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ላልተሰጠን ቪዛ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለተቀመጡበት ወንበርና ለማኅተምዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔም ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቁርጥማቱም ቢሆን ከአገር የመውጣት ሐሳብ እንደሌለው በዚህ አጋጣሚ አረጋግጥልዎታለሁ።

በመቀጠል፣ ልብዎን ጠንከር አድርገው እንዲሰሙኝ እየለመንሁ፣ አንድ የኀዘን ዜና አረዳዎታለሁ። ለአገርዎ ዝናብ ተብሎ ከሐሙሲት ገበያ የተገዛው ጥቁሩ ጃንጥላዬ፣ ገና በአፍላነቱ፣ የተገዛለትን ዝናብ በዓይኑ ሳያይ፣ ጉና ተራራ ላይ በነፋስ ተገልብጦ ከዚህ ዓለም ድካም አርፏል። አጽሙ ዛሬ የዶሮ ቆጥ ሆኖ በማገልገል ላይ ይገኛል። ለባሕር ማዶ የታሰበ ጃንጥላ ጉና ላይ ምን ሊሠራ ወጣ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም እሱኑ ለማስረዳት ነው።

የአገርዎን ስም እዚህ ያልጻፍሁት ክብሯን ላለመንካት ነው። ደግሞም በጻፍሁት ቁጥር የልጅ ልጄ እየሳቀች ታርመኛለች።

እኔ ጌጡ ሙላቴ የተባልሁ፣ በደብረ ታቦር ከተማ ዳር የምኖር፣ በሬዎቼን ለልጆቼ አስረክቤ ዛሬ በማሾፍ የምተዳደር ሽማግሌ ነኝ። ከእኔ ጋር ያመለከተችው የልጅ ልጄ ሠናይት ናት። ሠናይት ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ተመልሳ፣ አሁን እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሕፃናት ልብስ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። የሠራችላቸው ሰዎች ሙቀቱ በጠና ቁጥር ለሽርሽር ወደ እርስዎ አገር ይሄዱ ነበር። ሻንጣቸውን የምታሰናዳው እሷ ነበረች። ሹራቡን አጥፋ፣ የዝናብ ካፖርቱን ጠቅልላ፣ መኪናው ድረስ ተሸክማ ታደርስና ቤት ለመጠበቅ ትመለሳለች። ሲመጡ ደግሞ የጫማቸውን ጭቃ ታጥባለች። ስለዚህ የአገርዎን ጭቃ ከብዙ ጎብኚ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች ማለት ነው። ሱቋ እግር ከተከለ በኋላ ታዲያ አንድ ቀን፣ «አባባ፣ እኔ እኮ የራሴን ሻንጣ ለሽርሽር አሰናድቼ አላውቅም» አለችኝ። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እኔንም ጨምረሽ አሰናጂኝ» አልኋት። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ወሬው በሰፈር ሲሰማ፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ አያ ይሻው እየተመረኰዘ መጣ። «አንተ ጌጡ፣ ለግንቡ ጎንደር አለልህ፤ ለደጋው ጉና አለልህ፤ ለሐይቁ ጣና አለልህ። ባሕር ተሻግረህ የምታየው ምን ቀረህ?» አለኝ። «ወንዶቹ ጉርድ ቀሚስ ለብሰው፣ ስልቻ በብብታቸው ሸጉጠው እየነፉ ሲያዜሙ አያለሁ» ስለው፣ «ስልቻውንስ እሺ» ብሎ አማተበ። እኔ ግን ሠናይት በስልኳ ስታሳየኝ ከቶም አልደነቀኝ። የእኛም አባቶች ግልድም ታጥቀው በደጋው ሲሮጡ ኖረዋል። ብርድ፣ ጭጋግ፣ በግ፣ ገብስ፣ ከገብሱም የሚወጣ አረቄ፤ ዘመድ ልጠይቅ እንደምሄድ እንጂ ሰው አገር እንደምሄድ አልተሰማኝም።

የማኅበሩ ተራዬ ሳይደርስ ሄደን እንድንመለስ ተጣድፈን አመለከትን። እርስዎም ከእኛ ብሰው ተጣድፈው እምቢ አሉን። ወንጌል እንኳ እንዲህ ባለ ፍጥነት አልተሰበከም። ሠናይት ውሳኔዎን በስልኳ ከፍታ አነበበችና እንባዋ እስኪወርድ ድረስ ሳቀች። እኔም አብሬ ልስቅ ብዬ ተርጉሚልኝ አልኋት። ከትርጉሙ በኋላ የተሰማኝን ምስጋና ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ ስለ ትውውቃችን። እኔ ስሜን፣ የአባቴን ስምና የእናቴን ስም ሰጥቻለሁ። አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ተንገላትቼም የዐሥሩንም ጣቶቼን አሻራ አስነሥቻለሁ። የጣቴን ጫፍ የሞፈርና የእርፍ ነገር ልጦት ኖሮ፣ መሣሪያው አላነብም ብሎ ሠራተኛው እንደ ሊጥ ሲያሸኝ ዋለ። ክቡርነትዎ ግን በደብዳቤው ግርጌ ስምዎን እንኳ አላኖሩም። ይህንን እንደ ትሕትና ቆጥሬልዎታለሁ። በአገራችን ስሙን ሳይናገር ደግ የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ ስሙን ሳይናገር በር የሚዘጋ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።

፪ኛ፣ ስለ ጽዋው። ቅጹ፣ «ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ ማረጋገጫዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሠናይትን፣ «ጽዋው እኔ ቤት ነው ብለሽ ጻፊ» አልኋት። «አባባ፣ አይገባቸውም» አለችኝ። «ሰው አይደሉም እንዴ?» አልኋት። ጻፈችው። ክቡርነትዎም እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦ «አመልካቹ በቤታቸው አንድ ጽዋ እንዳላቸው ገልጸዋል። የአንድ ዕቃ ባለቤት መሆን ግን ወደ አገር ለመመለስ በቂ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም።»

ክቡር ሆይ፣ ጽዋው የእኔ አይደለም። ቢሸጥም የሚገዛው የሌለ የሸክላ ዕቃ ነው። የማኅበራችን ሰዎች በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ቀን በየተራ እንደግሳለን። የወሩ ደጋሽ አብልቶ አጠጥቶ ሲጨርስ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ለሚቀጥለው ባለ ተራ ያስረክባል፤ ባለ ተራውም ታቅፎት በእልልታ ቤቱ ይገባል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ሰው ሊታመም ይችላል፤ ሊደኸይም ይችላል። ሊሞትም ይችላል፤ ቢሞት ልጆቹ ይደግሱለታል። መቅረት ግን አይችልም። የእኛ አገር ሰው ከዕዳ ይሸሻል፣ ከሚስት ይሸሻል፣ ከሹምም ይሸሻል፤ ጽዋ ቤቱ አስቀምጦ የሸሸ ግን እስከ ዛሬ ተወልዶ አላየሁም። አያ ይሻው መልስዎ ሲነበብለት፣ «እኔ ሙሴው ያመንሁህን ሰው፣ ይሄ ደግሞ የማን አለቃ ሆኖ ነው የማያምንህ?» ብሎ በእርስዎ ፈንታ እኔን ተቆጣኝ።

፫ኛ፣ ስለ አውሬው። ከሐይቆቻችሁ በአንዱ ውስጥ ማንም በቅጡ ያላየው ባለ ረጅም አንገት አውሬ አለ ይባላል፤ ሰዉም እሱን አያለሁ ብሎ ከየአገሩ ይጎርፋል አሉ። እኔ በፎቶግራፍ፣ በአሻራና በቀበሌ መታወቂያ አስመስክሬ ያላገኘሁትን እምነት እሱ ውሃ ውስጥ ተደብቆ አገኘው። ዘዴውን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ማመልከቻዬን ጣና ውስጥ ሆኜ ነበር የምልክልዎ።

፬ኛው ቅሬታ ሳይሆን ጨዋታ ነው። ከከተማችን አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዛሬ የሚታረስ መሬትና የእግር መንገድ ነው፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ግን ከባሕር ማዶ የመጡ ባለ እጆች መድፍ ያቀልጡበት ነበር። እነዚያ ሰዎች ሲመጡ የባንክ ወረቀት አምጡ ያላቸው የለም። ጣጣው የመጣው እንሂድ ሲሉ ነው፤ ንጉሡ አልለቅም አሉ። ደግ አደረጉ አልልም። ልዩነታችንን ግን ልብ ይበሉልኝ፦ የእኛ ጭንቀት እንግዳው እንዳይሄድብን ነበር፤ የእናንተ ጭንቀት እንግዳው እዚያው እንዳይቀርባችሁ ነው።

፭ኛውን ባልጽፈው በወደድሁ። ስለ ልጅ ልጄ እንዲህ ብለዋል፦ «ሁለተኛዋ አመልካች ቀደም ሲል በሰው አገር በቤት ሠራተኛነት የኖሩ በመሆናቸው፣ የጉዟቸው ዓላማ ሽርሽር ነው ብሎ ለማመን ያስቸግራል።» ለዚህ ግልጽነትዎ ምስጋናዬ ከሁሉም የላቀ ነው። እኛ ሞኞቹ የደከመ ያርፋል፣ ያረሰም በሬ ይፈታል ብለን ነበር። አንዴ የሰው ሻንጣ የተሸከመ ሰው የራሱ ሻንጣ ሊኖረው እንደማይገባ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አስተማሪ ደግሞ ይከበራል፤ ስለዚህ ይኸው አከብርዎታለሁ።

ሆኖም ሻንጣው ተሰናድቶ ነበር። ሠናይት ሹራቧን አጥፋ፣ ካፖርቷን ጠቅልላ፣ የእኔንም ወፍራም ካልሲ በጎን ሸጉጣ ጨርሳ ነበር። ጉዞው የቀረበትን ሻንጣ መፍታት የሞተ ሰው ልብስ እንደ ማጠፍ ነው፤ እኔም እሷም እጃችን እምቢ አለ። ስለዚህ በክቡርነትዎ ፈቃድ ሳይሆን በበቅሎ ፈቃድ ወደ ጉና ሄድን።

መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና ተጓዝን፤ ከዚያ ወዲያ ባለ ጎማው ሻንጣ በበቅሎ ተጫነ። በቅሎዋ ጎማ ያለው ነገር ጎማ በሌለው ላይ የሚጫንበት ምክንያት ስላልገባት ዞር እያለች ታየን ነበር። ሠናይት ለአገርዎ የተገዛውን ካፖርት ለብሳ፣ እኔም ለአገርዎ የተገዛውን ጃንጥላ ዘርግቼ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ስንል፣ መንገደኛው ሁሉ ከየት አገር እንደ መጣን ይጠይቀን ጀመር። ጃንጥላው የተሠዋው እዚያ ነው።

ያረፍነው የእኅቴ ልጅ ፈንታነሽ ቤት ነው። ፈንታነሽ ጉና ላይ ገብስና ድንች የምታመርት፣ በግ የምታረባ ሴት ናት። ስንደርስ የጉዟችንን ዓላማ አልጠየቀችንም። ውሃ አሙቃ መጣችና ጎንበስ ብላ የሠናይትን እግር ልታጥብ ያዘች። ልጄ ደንግጣ ብድግ አለች፤ «ኧረ ተይ! እኔ ነኝ እንጂ የማጥብሽ» አለች። ፈንታነሽም እግሯን ሳትለቅ፣ «ቁጭ በይ አንቺ! እንግዳ አይደለሽም እንዴ?» ብላ ጮኸችባት።

ልጄ ተቀመጠች። እኔም ጃንጥላዬን ልገንዝ ወደ ውጭ ወጣሁ።

መከራው የመጣው እንሂድ ስንል ነው። ፈንታነሽ ከዘራዬን ደበቀችው። በእኛ ዘንድ የተወደደ እንግዳ እንዳይሄድ ከዘራው ይደበቃል፤ የበቅሎውም ልጓም ይሰወራል። ብንለምናት፣ «ገና ምኑን ቀመሳችሁና!» አለች። ብንቆጣት ሳቀች። በመጨረሻ፣ «ፈንታዬ፣ ጽዋው እኮ እኔ ቤት ነው» አልኋት። ሳቋን ዋጠች። ወደ ጓዳ ገብታ ከዘራዬን ከገብሱ ጎተራ ኋላ አውጥታ ሰጠችኝ፤ በቅሎዋንም ራሷ ጫነች። ተጨማሪ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

እንደምመለስ ማረጋገጫ ፈልገው ነበርና ይኸው፦ ሄድሁ፤ ተመለስሁ። ኪዳነ ምሕረትም በቀኗ ተደገሰች፤ አያ ይሻውም ጠላው ቀጥኗል እያለ እስኪጠግብ ድረስ ጠጣ። ሠናይት ግን ሻንጣውን ከአልጋዋ ሥር አኑራዋለች፤ አልፈታችውም። እንደገና እናመልክት ትላለች፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ታዲያ አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎ፤ ጽዋውን ለሚቀጥለው ባለ ተራ አስረክቤዋለሁ። ከእንግዲህ ስለ መመለሴ ለራሴም ዋስ አልሆንም። ማመን የነበረብዎ ያን ጊዜ ነበር።

እርስዎም እምቢ ማለት ያደከመዎ ዕለት ወደ እኛ ብቅ ይበሉ። አሻራ አንጠይቅም። እግርዎ ይታጠባል፤ ከዘራዎን ግን ይጠብቁ።

በር በሚዘጋው እጅዎ ላይ የእኔ ዓይነት ቁርጥማት እንዳይወጣብዎ ሳላቋርጥ እየጸለይሁ፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ከቀናሁም በኋላ፣ እሰናበትዎታለሁ።

ጌጡ ሙላቴ
(ዐሥሩም የጣት አሻራዎቹ ከእርስዎ ዘንድ የሚገኙት)
ደብረ ታቦር

ግልባጭ፦
ለኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሙሴ ለአያ ይሻው
ለወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ጉና
ለበቅሎዋ፣ እንድታውቀው ያህል

ማስታወሻ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከራሴ የፈጠርሁት አንድ ነገር አለ። ጃንጥላውን ጠርጥረው ከሆነ ተሳስተዋል፤ እሱ በእውነት ሞቷል፤ ዶሮዎቹ ምስክሬ ናቸው። የፈጠርሁት፣ ሠናይት ውሳኔዎን ስታነብ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች ያልሁትን ነው። ሳቁን የጨመርሁት እኔ ነኝ። እንባው የራሷ ነው።