ሞጣ የሚሄዱት ሦስቱ መጻሕፍት

ሰኞ፣ ቢቸና

ሦስት መጽሐፍ ብቻ አምጪ አለኝ ይበልጣል። ከዚያ ካለፈ ሰዉ ያዛጋል። ቅዳሜ ሞጣ ሄጄ፣ ይበልጣል በከፈታት ንባብ ቤት፣ አብልጬ ስለምወዳቸው መጻሕፍት ላወራ ነው። ስለ ዘር፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ መደርደሪያዬ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አንዱን ሳነሳ ሌላው ቅር የሚለው ይመስለኛል። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ መምህርት ለየላት ይሉ ነበር።

እስካሁን የመረጥኳቸው፦
– ስለ አንዲት ጥቁር ልብስ አጣቢ የሚተርከው የባሕር ማዶ ልቦለድ።
– ሽፋኑ የተገነጠለው የታሪክ መጽሐፍ። በእኛው አገር ሰው ለሽያጭ እንደ ከብት ይነዳባቸው ስለነበሩ የሲራራ ነጋዴ መንገዶች ነው።
– ሦስተኛው ገና ነው።

አሁን ዋናውን ልጻፈው። ይበልጣል ትናንት ሽማግሌ ላከ። አባባ እንደ ወጉ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ አሉ፣ ዝምድና እንዳይገኝ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። ቆጣሪው የይበልጣል ጎረቤት ሐጂ ኑርዬ ናቸው፣ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ። ዝምድና አልተገኘም። እፎይ ልል ስል ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "የአባቱ አባት ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር፤ ይህን ሸሽጌ አልሸመግልም" አሉ።

አባባ "እሑድ ተመለሱ" ብቻ አሏቸው። ቀጥቃጭ በድሮ ሰው አፍ ቡዳ ነው። ቤቱ አይበላም፣ ልጅም አይዳርለትም።

እኔ ግን ይበልጣልን እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ

አባባ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እኔ አነብላቸዋለሁ። ዛሬ ከሰዓት አጥሩ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ልብስ አጣቢዋን ጀመርኩላቸው። እንደ ተማሪያቸው ነው የሚይዙኝ፤ ስቸኩል "ተመለሽ፣ አስተካክለሽ በይው" ይሉኛል። ሁለት ተማሪዎቻቸው ቅኔያቸውን ትተው ከኋላችን ቆመው ያዳምጡ ነበር።

የኩባያው ምዕራፍ ላይ ደረስን። አጣቢዋ የእመቤቲቱን ልጆች አዝላ አሳድጋለች፤ ውሃ ስትጠጣ ግን ለብቻዋ በተቀመጠላት ኩባያ ነው። እመቤቲቱ ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ደግ ናት። ኩባያው ግን ለብቻ ነው።

አባባ አለቀሱ። እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ እግዚአብሔር የፈጠራትን ሴት እንዲህ የሚያደርግ ምን ዓይነት ጨካኝ ሕዝብ ነው አሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው። የምር ነው የሚያለቅሱት።

ሮብ

ሌሊት አጣቢዋን በሕልሜ አየኋት። ጭጋጉ መሀል የልብስ ሳፋዋን ተሸክማ የቢቸናን ገበያ አቋርጣ መጣች፣ ቀስ ብላ። ማንም ዞሮ አላያትም። በራችን ላይ ስትደርስ ውሃ አጠጪኝ አለችኝ፣ ባማርኛ። ጓዳ ገብቼ በየትኛው ዕቃ እንደምሰጣት ጨነቀኝ። ስፈልግ፣ ስፈልግ ነቃሁ።

ስነቃ ከጓዳው በር ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለችውን ጣሳ አየኋት። ሁልጊዜም እዚያው ናት። ነፍሷን ይማርና እናቴ፣ ማጭድ የሚስሉት ቀጥቃጭ ሰውዬ ሲመጡ ጠላ የምትሰጣቸው በእሷ ብቻ ነበር። አጥባ መልሳ እዚያው ትሰቅላታለች። እናቴም ደግ ነበረች።

ቀኑን ሙሉ በድን ሆኜ ዋልኩ። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ የማላስተምረውን ልጅ ጠራሁ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

ሐሙስ

አጎቴ መጥቶ ነበር። የልጁ አጥንት አይሆንም አለ፣ እኔ ሻይ እየቀዳሁለት፣ ስለ በሬ ዋጋ እንደሚያወራ ሰው። አባባ ጨምሪለት ብቻ አሉኝ። ይኼ እሺ ይሁን እምቢ አላወቅኩም።

ሲሄድ መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ፤ ጣሳዋንም ይዣለሁ። አባባ አንብቢ አሉኝ። አላነበብኩም። ጣሳዋን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና፣ "አባባ፣ የይበልጣል አያት ደጃችን ቢመጡ ውሃ የምንሰጣቸው በዚህች አልነበረም?" አልኳቸው።

ጣሳዋን በጣታቸው ዳሰሷት። አፏን፣ ጆሮዋን። ከዚያ "መጽሐፉን ዝጊው" አሉኝና ተነሥተው ገቡ።

እራት አልቀመሱም። ምን አባቴ ላድርግ! አባቴን በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ይበልጣል ሲደውል አላነሳሁለትም።

ዓርብ

ጠዋት ደህና አደርሽ አላሉኝም፤ ይኼ ከስድብ ይብሳል።

ሦስተኛውን መጽሐፍ መረጥኩ። ደራሲው ስለ ጎረቤቶቹ ብቻ የጻፈው ቀጭኑ ነው፤ አንድም ሹም፣ አንድም ጀግና የለበትም። ደራሲ ልሁን ያልኩት እሱን አንብቤ ነው። ጫማዬን ጠረግኩ። ነጠላዬን አጠብኩ። የምናገረውን ጻፍኩና ቀደድኩት፤ ሰው ፊት ስለ ኩባያ እያወራሁ ቤቴን ልረሳ ነው?

ሊመሽ ሲል አባባ፣ መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቁኝ። የት ሊሄዱ ነው አልኳቸው።

"መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አላነበብሽልኝም" አሉ።

ቅዳሜ፣ ከሞጣ ስንመለስ

መኪናው እየናጠኝ ነው የምጽፈው። አባባ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ስለ ጋብቻው እስካሁን እሺም እምቢም አላሉም። ሽማግሌዎቹ ነገ ናቸው።

ጠዋት መንገድ ላይ አነበብኩላቸው። እስከ ደብረ ወርቅ ጭጋግ ነበር፤ ዛፉም ቤቱም አይታይም፣ ደመና ላይ የምንሄድ ይመስላል። ከኋላ የነበሩት ሴትዮ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው አሉኝ። ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋው። ሲያልቅ አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ንባብ ቤቱ ጠባብ ናት፣ ሰዉ ግን ሞልቷል፤ ሐጂ ኑርዬ ከፊት ተቀምጠዋል። ካሰብኩት ግማሹን ረሳሁት። ጣሳዋን ግን ተናገርኩ፣ አባባ እዚያው ተቀምጠው። ማንም አላዛጋም። ይበልጣል ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ከዚያ እናቱ ቤት ለምሳ ተጠራን። ወይዘሮ ጥሩሰው በሩ ላይ ተቀበሉን፤ ከሳ ያሉ፣ ለመቀመጥ እንኳ የሚሳቀቁ ሴት ናቸው። የተከደነ መሶብ አቀረቡና ጎንበስ ብለው፣ "የኔታ አይስጉ፤ የእርስዎን ከቄሱ ቤት አሠርቼዋለሁ" አሉ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ይበልጣል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያስለመድናቸው እኛ ነን። እንግዳ ከነውር እንዲድን በገዛ ቤታቸው የሰው ቤት ወጥ ያቀርባሉ።

አባባ፣ "እኔ ቄሱ ቤት አልመጣሁም። እርስዎ ቤት አልተሠራም?" አሏቸው።

ሴትዮዋ መሶቡን መልሰው አነሡ። ከዚያ ጓዳ ገብተው፣ ለልጃቸው የሠሩትን ሽሮ ይዘው ወጡ። አባባ ሰው ፊት ሲበሉ ሁልጊዜ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ይጋርዳሉ፣ ዓይን ይበላል ብለው። የገዛ እህታቸው ቤት እንኳ እንዲያ ናቸው። ዛሬ ጋቢውን ከትከሻቸው አውርደው ለእኔ ሰጡኝ። ባርከው ቆረሱ። ሴትዮዋ ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩዋቸው በሉ፣ ቀስ ብለው፣ አጣጥመው። ሳህኑ ሲጎድል፣ "ትንሽ ይጨምሩልኝ" አሉ።

ወይዘሮ ጥሩሰው ሊጨምሩላቸው ጎንበስ አሉ፤ ለብዙ ጊዜም ቀና አላሉም።