በቀበሌ ስብሰባ ላይ የገባች ጎል

አዋሳ፣ ቅዳሜ ግንቦት 4 ቀን 1971 ዓ.ም.

ልቤ እስካሁን ይደልቃል! በአንድ ዓመት ሊጉንም ዋንጫውንም ጠራርጎ ወስዶ የነበረው የለንደኑ ክለቤ፣ አምና በእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ተሸንፎ አንጀቴን አሳርሮት ነበር። ዛሬም ለፍጻሜ ደርሷል። እኔ ግን የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ፤ መቅረት አይታሰብም። ትንሿን ሬዲዮ ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ማዳመጫዋን ጆሮዬ ላይ ሸጎጥኩ። ሁለት ለዜሮ እየመራን ቆይተን መጨረሻ ላይ ሁለት አግብተውብን እኩል ሆንን። አለቀልን ስል ሦስተኛዋን አገባን! እጄን ጨብጬ ብድግ አልኩና «አሸነፍን!» ብዬ ጮኽኩ።

ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻው እየተናገሩ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ «አሸነፍን!» አለ።

«ጓዶች፣ ወኔ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ ሊቀመንበሩ።

በጭብጨባ የቅስቀሳ ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመረጥኩ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በየቅዳሜው ነው፤ ልክ በኳስ ሰዓት።