ግድግዳ የማያግደው ካሜራ

እሑድ

ጮህሁባት። አባቷ ፊት፣ ጎረቤቶቿ ፊት።

«ግድግዳሽ ወንፊት ነው! ስትሠሪ አትዘጊም እንዴ?» አልኋት።

የሆነው እንዲህ ነው። ከተማሪዬ ከዘይነባ ጋር ዓመት የለፋንበትን የኮምፒውተር ጌም ለታንኳ ሠሪዎቹ ልናሳይ ሐይቁ ዳር ወርደን ነበር። ቤቱን፣ ዕቃውን፣ ታንኳውን የምትሥለው እሷ ናት፤ ኮዱን የምጽፈው እኔ። አባቷ ሐጂ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በጌሙ ውስጥ ዓሣ አጥማጁ የሚኖርበት ቤት የእሳቸው ቤት ነው፤ ዘይነባ ከነጓዳው ለክታ ሠራችው። ሳትለኪ እንዳትሠሪ ያልኋት እኔ ነኝ።

የጌሙ ካሜራ፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚያይበት ዓይን፣ ዓሣ አጥማጁን ከኋላው ሦስት ሜትር ርቆ ይከተለዋል። ሰውዬው ጀርባውን ለግድግዳው ሲሰጥ ካሜራው ግድግዳውን አልፎ ጓዳ ገባ። የሐጂ አልጋ፣ የባለቤታቸው የተሰቀለ ቀሚስ፣ ሁሉም ጌሙን በምናሳይበት ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ታየ።

አንዱ ሳቀ። «ሐጂ፣ አልጋዎት ሰፊ ነው ለካ!»

ሐጂ አልሳቁም። «ይብቃን፣ መምህር» ብለው ተነሡ። እኔም ያን ጊዜ ነው ወደ ዘይነባ የዞርሁት።

እሷ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

ሰኞ

ፋሲሎ ሰፈር ወዳለችው የሥራ ክፍላችን አልመጣችም። ጥፋቷን ከነማስረጃው ልላክላት ብዬ ግድግዳዎቿን አንድ በአንድ ፈተሽሁ።

ግድግዳ፦ ሃያ ሦስት።
ቀዳዳ፦ የለም።
ማዕዘን ላይ የተረሳ ክፍተት፦ የለም።

እንዲህ ንጹሕ ሥራ ያስረከበኝ ተማሪ የለም። ተናደድሁ። እንዴት አንዲት ስሕተት እንኳ አይገኝባትም? ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ያሰብሁት ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ

አገኘሁት። የእኔ ነው።

ከሰውዬው ወደ ካሜራው የሚዘረጋ አንድ የማይታይ መስመር አለ። መስመሩ ግድግዳ ከነካ ካሜራው ወደ ሰውዬው መጠጋት አለበት። ከወራት በፊት ሰውዬው በበር ሲያልፍ ካሜራው እየተንቀጠቀጠ ቢያስቸግረኝ፣ ቤት ውስጥ ይህ ፍተሻ እንዳይሠራ አጥፍቼዋለሁ። ኮዱ ጎን ላይ «ለጊዜው» ብዬ ጽፌአለሁ። ስሜም አለ፤ ቀኑም አለ። ተማሪ «ለጊዜው ነው» ሲለኝ ወረቀቱን የምመልስ ሰው ነኝ።

መልሼ አበራሁት። ጓዳ መግባቱ ቀረ። የበሩ መቃን ጋ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ የግድግዳው ጠርዝ ላይ ሲደርስም ካሜራው በከፊል ወደ ውስጥ ያያል።

ለማንም አልተናገርሁም። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ጥርሴን» አልኋት።

ረቡዕ

ሦስት ጊዜ ደወልሁ። በአራተኛው አነሣች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ» አልሁ።

እሷም፦ «መምህር፣ የጮሁብኝ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውን በጆሮዬ ነው የሚነግሩኝ? እነዚያ ሰዎች እስከ ዛሬ የአባቴን ጓዳ ያስጎበኘሁት እኔ እመስላቸዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እሱንም እኔ ላስተምርዎት?»

ዘጋችው።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልሁ። ላለመሄድ ያገኘኋቸው ምክንያቶች፦ የማርመው ፈተና አለ። ሐጂ ረስተውታል። ካሜራው ገና አልተስተካከለም፤ ሳይስተካከል ምን ብዬ እሄዳለሁ?

የመጨረሻው ደኅና ምክንያት ይመስል ነበር። ስሰድባት ግን እስኪስተካከል አልጠበቅሁም።

ቅዳሜ

ሄድሁ። ሐጂ ደንገል እያሰሩ ነበር፤ እሑድ የነበሩት ጎረቤቶችም አሉ። ዘይነባ ራቅ ብላ ቆማለች። ቁጭ በል ቢሉኝም ቆሜ ተናገርሁ።

«እሑድ የሆነው የዘይነባ ጥፋት አይደለም። የእሷ ግድግዳ አንድ ቀዳዳ የለበትም። መከላከያውን ያጠፋሁትም፣ የረሳሁትም እኔ ነኝ። ያለ ጥፋቷ ሰደብኋት። የእርስዎንም ጓዳ ገለጥሁ።»

ተማሪ ፊት እንዲህ ጥፋቴን አምኜ አላውቅም።

ያ የሳቀው ሰው፣ «እንግዲህ እኔም ስለ አልጋው ይቅርታ ልበላ» አለ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» አሉት ሐጂ። ወደ እኔ ዞሩ። «አሁንስ ግድግዳውን ያልፋል?»

«መሐሉን አያልፍም። ጠርዙ ላይ ግን ይሾልካል።» መስመሩ እንዴት እንደሚዘረጋ በገመድ አሳየኋቸው። ገመዱን ከእጄ ወሰዱና በሁለት የደንገል እስሮች መካከል ሳቡት።

«ገመዱ አለፈ። ታንኳው በዚህ ያልፋል?»

ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ መስመር ውፍረት እንደሌለው፣ ካሜራው ግን ቦታ እንደሚይዝ አላሰብሁም። መዘርጋት ያለብኝ ቀጭን መስመር አልነበረም፤ በመስመሩ ላይ የሚንከባለል፣ የካሜራውን ያህል የሚሰፋ ኳስ ነበር።

«ይህን መጋቢት ላይ ነግሬዎት ነበር» አለች ዘይነባ። «'አንቺ ሥዕልሽ ላይ አተኩሪ' አሉኝ።»

ሁሉም ሰማ። «እውነቷን ነው» አልሁ። ከይቅርታው ይልቅ ይህ ከበደኝ።

እሑድ

ኳሱ ሠራ። ካሜራው ወደ ሰውዬው ሲጠጋ በፍጥነት፣ ሲመለስ በዝግታ እንዲሆን አደረግሁ፤ መንቀጥቀጡም ጠፋ። ሰውዬውን በየማዕዘኑ፣ በየመቃኑ አርባ ጊዜ አስጠጋሁት። ካሜራው አንዴም አልሾለከም።

ለዘይነባ ላክሁላት። ኮዱ ላይ ሐሳቡ የእሷ መሆኑን በስሟ ጻፍሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱን አድሳ ላከችልኝ። ጓዳው የለም፤ በቦታው ድፍን ግድግዳ ቆሟል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ጓዳው ይውጣ ብለዋል። ተስተካክሏል ብላቸውም አላመኑም። ነገ እመጣለሁ። የክፍሉ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው፤ ውጭ እንዳያቆሙኝ።»

ሐጂ ባያምኑ አይፈረድባቸውም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩን እከፍታለሁ። ስትገባ ምን እንደምላት ግን አላውቅም።