የእማዬ ጨው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽ እህቴ ለቀጮ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ባልሽና ልጆችሽ እንዴት ናቸው? ልብሽ እንዳይሰቀል አስቀድሜ ልገላግልሽ፦ እማዬ ደህና ናት። እሑድ ከሆስፒታል ወጥታ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። በስልክ «የደም ግፊቷ ድንገት ተነሳ» ያልኩሽ ግን የእውነቱን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

አንቺ ጋ ሦስት ወር ከርማ ስትመለስ አውቶቡስ ጣቢያ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። እግሯ እንደ ዳቦ አብጦ የሄደችው ሴትዮ ቦርሳዋን ራሷ አንጠልጥላ ወረደች። ደስ አለኝ፤ እግዜር ያውቃል ደስ አለኝ። ግን ገና ታክሲ ውስጥ ሳለን ጀመረች። «ቀጮ ጨው አስተወችኝ፣ ቀጮ አትክልት አስለመደችኝ፣ ቀጮ በየጠዋቱ በእግር ታስኬደኝ ነበር።» ቤት ስንደርስ የጻፍሽላትን ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ፦ ጨው በቀን ከግማሽ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ፣ በምትኩ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት፣ የታሸገ ነገር ጭራሽ እንዳይቀርብ። ፋብሪካ ካፍቴሪያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ለሦስት መቶ ሠራተኛ ያበሰልኩ ሰው እንደ አንቺ ካለች የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ምግብ መሥራት ልማር!

ቢሆንም እንዳልሽው ሠራሁ። የምስር ሾርባውን ቀመሰችና «ጥሩ ነው፤ የቀጮን ያህል ባይሆንም» አለች። በሳምንቱ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ልትጠይቃት መጣች።

«ያዳነችኝ ትንሿ ልጄ ናት» አለቻት እማዬ።

ሴትዮዋ ነገር መቆስቆስ ትወዳለች። «ትልቋስ?»

«ትልቋማ እጇ ይጣፍጣል። ያሳመመኝስ እሱ አይደል!»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወጥ ቤት ስገባ ግን ቀናሁብሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ባንቺ መቅናት የጀመርኩት ዘንድሮ አይደለም፤ ተወልደሽ ከእናቴ ጀርባ ያወረድሽኝ ዕለት ነው። በትምህርት በለጥሽኝ፣ በመልክ በለጥሽኝ፣ እሺ። የእኔ የምለው ይሄ እጄ ብቻ ነበር። እሱንም ወሰድሽብኝ።

በማግስቱ ሾርባው ላይ አንድ ቁንጥር ጨው ጨመርኩ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ደግሞ ከሥራ ቦታ የሾርባ ዱቄት በወረቀት ጠቅልዬ ማምጣት ጀመርኩ፤ መቼም እሱ ከጨው በምን ይለያል? እማዬ ሳህኑን ጠርጋ በላችና «ዛሬስ እጅሽ ተመለሰ፣ ልጄ!» አለችኝ። ቅቤ እንደጠጣ ሰው ሆንኩ። ሁለት ሳምንት እንደዚያ አበላኋት። ጫማዋ እምቢ ሲላት አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ራሷን ስትይዝ አይቻለሁ። «እርጅና ነው» ስትለኝ፣ አዎ፣ እርጅና ነው አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት ልብሷን ስትለብስ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ምላሷ ተሳሰረ። በታክሲ አጣድፌ ወሰድኳት፤ ሲለኳት ግፊቷ መቶ ዘጠና አምስት ደርሷል። «ለጥቂት ነው የተረፉት» አለኝ ወጣቱ ሐኪም። ከሰዓት በኋላ ምላሷ ሲፈታ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ጠየቃት።

«እማማ፣ ጨው ይበላሉ እንዴ?»

«ኧረ እኔ! ከልጄ ትእዛዝ ንቅንቅ አላልኩም።»

ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ። «እንግዲያው አመጋገቡ ብቻውን አልበቃቸውም ማለት ነው» ብሎ መድኃኒት ሊጨምርላት መጻፍ ጀመረ። በእኔ ውሸት ላይ ኪኒን ልትውጥ! ኮሪደር ላይ ተከትዬው ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አልተቆጣኝም። የጻፈውን ሰረዘና «ለእኔ ነገሩኝ፤ ለእሳቸውስ?» አለኝ።

እሑድ ቤት እንደገባን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት።

«አውቄያለሁ» አለች። «ስድሳ ስምንት ዓመት የቀመሰ ምላስ ጨው ይስታል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን በላሽው?»

«ስበላልሽ ፊትሽ ይበራ ነበር። እንዴት ብዬ ልተወው?»

«ሐኪሙንስ ለምን ዋሸሽው?»

«ልጄን በሰው ፊት ላሳጣ ነው?»

ቀጮ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቁንጥር አላጭበረበርኩም። ትናንት ሽንኩርቱን በዝግታ አብስዬ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ፣ ሲወርድ ሎሚ ጨመቅሁበት። ቀመስኩት። ይጣፍጣል። ሲጣፍጥ ደግሞ ተናደድኩ፤ እስከዚህ ድረስ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ስትለካ ግፊቷ ወደ መቶ አርባ ሁለት ወርዷል። ነርሷ እግረ መንገዷን እኔንም ለካችኝ፤ የእኔን አትጠይቂኝ። አብረን ከአንድ ድስት መብላት ጀምረናል፣ ይብቃሽ።

ይህን አንብበሽ «ላኪልኝ» ብትዪ መብትሽ ነው። ብትጠሪያትም ትመጣለች፤ ልብሷን አጥቤ፣ መድኃኒቷን ቋጥሬ እሸኛታለሁ። ግን ለጥቂት ወር አትጥሪያት፣ እህቴ። አንዴ እንኳ በእኔ እጅ ትዳን።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ጤናሽን አያጓድልብሽ፣ ለእማዬ ያደረግሽውን በልጆችሽ ይክፈልሽ። ይህንን ምርቃት የጻፍኩት ከልቤ ነው፤ ከልቤ ባይሆን እንኳ እማዬ አጠገቤ ሆና «መርቂያት» እያለችኝ ነው።

ታላቅሽ