የጉልበትህን ልክ ለማንም አታሳይ

ደባርቅ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ የልጅ ልጄ ታገኘ፣

ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ጤናዬ ታደርስልሃለች። አንብበህ እሳት ውስጥ ጨምረው። አክስትህ ስንቄ እንዳታየው፤ አፏ ወንፊት ነው።

የጻፍከውን አንብቤ ስቄ ሳልጨርስ ብዕር አነሣሁ። የስፖርት አስተማሪህ እንዳስተማረህ፣ ትልቁን ድንጋይ በአንዴ ከመሞከር መካከለኛውን እስኪያቅትህ ደጋግመህ ታነሣለህ፤ ከዚያ ስንቴ እንዳነሣህ ቆጥረህ ልታነሣ የምትችለውን ትልቁን ትገምታለህ፤ ከግምቱም ቀነስ አድርገህ ትለማመዳለህ። ደግ ትምህርት ነው፤ ወገብ ያተርፋል። በዚህ ግምት የአብዮት በዓሉን የክብደት ማንሳት ውድድር አሸንፋለሁ ብለህ ከተራራው መንደር ከአምቢኮ ልትወርድ መነሣትህ ግን… ኧረ ተው! እዚያ የሸሸግሁህ ከአፈሳ እንድትተርፍ ነው ወይስ ጭላዳ ዝንጀሮ እንዲያጨበጭብልህ?

ያንን ስሌት የቀበሌ ሊቀመንበራችን አሻግሬም ያውቀዋል። ባለፈው ቅዳሜ “ለስፖርት ቡድን ምርጫ” ብሎ ወጣቶቹን እህል መጋዘኑ ደጅ ሰበሰበ። ሙሉ ኩንታል አላስነሣም፤ ግማሽ ጆንያ ገብስ ነው። በፍልሰታ ጾም ሥጋ የበላበትን እጁን እንኳ ሳይታጠብ ክንዳቸውን ጨመቀ፣ ጭናቸውን ቆነጠጠ፣ የአንዱንም ከንፈር ገልጦ ጥርሱን አየ። ገበያ የወጣ ወይፈን እንኳ በዚያ እጅ ባይነካ ይሻለዋል። የጎረቤታችን የገሠሠ ልጅ፣ ያ ጓደኛህ ሀብተ ሚካኤል፣ ኮረዶች እንደሚያዩት ሲያውቅ ማቆሚያ አጣ። አነሣ፣ አወረደ፣ ደግሞ አነሣ።

“በቃ!” አለ አሻግሬ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። “ይኼን ያህል ከደጋገመ ኩንታል ይሸከማል። ኩንታል የሚሸከም መትረየስ አያቅተውም።”

አክ ብዬ ተፋሁ።

“አባባ ላቀው! ምራቅዎን ከአብዮቱ ደጅ ያንሡ!”

“ወገቤ አይችልማ፣ ልጄ። እስቲ አንተ ገምተኝ፤ በስንተኛው አነሣው ይሆን?”

ሰዉ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ገሠሠ ግን አልሳቀም። ልጁ ቀይ ሻሽ አንገቱ ላይ ታስሮለት ካሚዮን ላይ ሲወጣ ላቡ ገና አልደረቀም ነበር። እናቱ መንገዱ ላይ ተዘርራ ሳለች፣ አሻግሬ ጨዋታ እንደ ጨረሰ ሰው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ገብስ ቤቴ አላስገባም።

ውድድሩም ያው ወጥመድ ነው፤ ሰንደቅ ተጨምሮበት። አትውረድ! ድንገት ከያዙህ ደግሞ፣ አያድርገውና፣ በሁለተኛው ማንሣት ላይ “ወገቤን!” ብለህ ውደቅ፣ አልቅስ። ኮረዶች ይሳቁብህ። የተሳቀበት ያገባል፤ የተጨበጨበለት ይዘምታል።

ጉልበትህን ለእኔ አቆይልኝ። ቃሬዛዬን ከሚይዙት አራት ሰዎች ሦስቱን አግኝቻለሁ፤ ሦስቱም ከእኔ የባሱ ሽማግሌዎች ናቸው፣ መንገድ ላይ ይጥሉኛል። ወጣቱን ሁሉ ወስደውታል። አራተኛው አንተ ነህና ይህ ጊዜ አልፎ በደህና እስክትመለስ መሞቴን አቆይቼዋለሁ።

እንዳትወርድ የሚያዝህ አያትህ፣
ላቀው